«ስለ እኩልነት አስተምራለሁ፤ እናቴ ቤት ግን ዝም አልኩ»

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፤

ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትውልዴም ከዚሁ፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። ፍሬሽ እያለን እኔና አሥር የምንሆን ልጆች አንድ ክበብ መሠረትን። ነገሩ የተጀመረው ዶርም ውስጥ ነው። ከየክልሉ የመጣን ልጆች አንዳችን የሌላውን አገር ሰው የምንጠራበት ቃል ስድብ መሆኑን ሳናውቅ እየተጠራራን እንጣላ ነበር። አንድ ማታ እንዲሁ ተጣልተን ስንታረቅ «ለምን ቁጭ ብለን አንነጋገርበትም?» ተባባልን። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍል ለምነን እንሰበሰባለን። ስለ ብሔር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሴት ተማሪዎች፣ ስለ አካል ጉዳተኛ ልጆች እናወያያለን። መምህር የለንም፤ እርስ በርሳችን ነው የምንማማረው።

አንዲት የዶርም ጓደኛ አለችኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተለያይተን አናውቅም። አባቷ ቆዳ የሚያለፉ ሰው ናቸው። ይህን ለሁለት ዓመት ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም ነበር። ባለፈው ኅዳር ክበባችን ውስጥ፣ ሰላሳ በሚሆን ሰው ፊት ተነሥታ «እኔ የፋቂ ልጅ ነኝ» አለች። ተጨበጨበላት። እኔም አቅፌያት አለቀስኩ።

ለጥምቀት መንገዱ ሰላም ሲሆን እኛ ቤት ይዣት ሄድኩ። እናቴ ደስ አላት፤ ዶሮ ሠራች። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ላይ ሳለን፣ እናት እንደሚጠይቀው «የማን ልጅ ነሽ የኔ ልጅ? አባትሽ ምን ይሠራል?» አለቻት። ጓደኛዬ ሳታመነታ «ቆዳ ያለፋል» አለች። እናቴ ምንም አልመለሰችም። ቶናው ሲቀዳ ለሁላችንም በሲኒ፣ ለእሷ ግን በአረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ መጣ። ማታ የወንድሜ ልጅ አንገት ላይ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በጨርቅ ተቋጥሮ አየሁ። እሷም አይታዋለች። ጠዋት ኩባያው ጓሮ፣ አጥሩ ግንድ ላይ ተደፍቶ ነበር። እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ቃል አልወጣኝም። ጓደኛዬ «ፈተና አለብኝ» ብላ በመጀመሪያው መኪና ሄደች። ፈተና እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ ወዲህ ይቅርታ ልላት ስጀምር «ኧረ ምንም አይደለም» ትለኛለች። ትስቃለች፤ ካፌም አብረን እንበላለን። ብቻ ዶርም ውስጥ ቡና ስናፈላ አሁን የራሷን ሲኒ ይዛ ትመጣለች።

ጭንቀቴን ስሟን ሳልጠራ ለክበቡ ሰብሳቢ ነገርኩት። እሱ ደግሞ «የሚቀጥለው ቅዳሜ ውይይት 'ሙያና ንቀት' ነው፤ አንቺ ምሪውና ይህንኑ ተናገሪ። ልጅቷም ፈቃደኛ ከሆነች ትመስክር። ሰው የሚለወጠው እንዲህ ያለውን ሲሰማ ነው» አለኝ። በየትኛው አፌ ነው የምናገረው? ክበቡን ልልቀቅ? ወይስ ተናግሬው ይቅለለኝ? እናቴንስ ምን ላድርጋት? አረቄ አውጥታ፣ ጠላ ሸጣ ብቻዋን ያሳደገችኝ ናት፤ ልጠላት አልችልም።

ብ. ነኝ፣ ከጎጃም

*

እኅቴ ብ.፣

ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔ የቆምኩት በአንድ መስመር ጽፈሽ ያለፍሽው ላይ ነው፤ ጓደኛሽ አሁን የራሷን ሲኒ ይዛ መምጣቷ ላይ። በአፏ «ምንም አይደለም» ትልሻለች፤ ሲኒዋ ግን ሌላ ነገር እየነገረሽ ነው። ሌላ ሰው ሳይለያት ራሷን ቀድማ ለየች። እንዲህ ያለው ሰው ተቆጥቶ ቢሆን በተሻለ ነበር፤ ቁጣ ውስጥ ገና ተስፋ አለ።

ቅደም ተከተሉን አንድ ጊዜ ከእኔ ጋር ተመልከችው። ልጅቷ ለሁለት ዓመት ዝም አለች። ኅዳር ላይ እናንተ ፊት ተናገረች፤ አጨበጨባችሁላት። በጥር እናትሽ ሲጠይቋት ሳታመነታ መለሰች። ያ ድፍረት ከየት የመጣ ይመስልሻል? ከእናንተው ጭብጨባ አይደል? የፋቂ ልጅ ሆና ላደገች ሰው የተለየ ኩባያ አዲስ አይደለም፤ ምናልባት ከእናትሽ እጅ ሲመጣ ገና ከሩቅ አውቃዋለች። አዲስ የሆነባት ካጨበጨቡት መካከል አንዷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሲኒዋን መጠጣቷ ይመስለኛል። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አስቤ አይደለም። ይቅርታሽ የሚጠየቅበትን ቦታ እንዳትስቺ ብዬ ነው። እስካሁን ይቅርታ ልትጠይቂ የሞከርሽው ስለ እናትሽ ይመስለኛል፤ «እናቴ እንዲህ ስላደረገች» ብለሽ። እሷ የምትጠብቀው ግን ስላንቺ ነው።

እኔም ከዚያው ከአባይ ማዶ ነኝ፤ ያደግኩት አያቴ ዘንድ ነው። የአያቴ ቤት የውጭ ግድግዳ ላይ አንዲት ቅል ተሰቅላ ትኖር ነበር። ማረሻ ሊያሾል የሚመጣው ቀጥቃጭ ጠላ የሚጠጣባት ናት። ልጅ ሆኜ ቅሏን ሰውየው በክብር የተሰጠችው የግል ዕቃው አድርጌ ነበር የማያት፤ እንዲያውም እቀናበት ነበር፤ እኔ የራሴ ዋንጫ አልነበረኝማ። ነገሩ የገባኝ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ስለዚህ እናትሽ ፊት ምላስሽ ሲያዝ ምን እንደተሰማሽ በደንብ አውቃለሁ። ቃሉ ጠፍቶሽ አይደለም፤ ክበቡ ውስጥ ስታወሪው የኖርሽው ነው። ግን በእናት ፊት፣ በቡና ላይ፣ ከልጅነት ጀምሮ «ዝም በይ» የተባለ ሰውነት አለ።

ደግሞ ይህ ነገር ካንቺ እጅግ የበለጠ ጉልበት የነበራቸውንም አሸንፏል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ሠራተኛ በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ አርሶ መኖር ለፈለገ ሁሉ መሬት ይሰጠው አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥና በትውልድ ማንም እንዳይለይ ይደነግጋል። ከዚህ ሁሉ አዋጅ በኋላም ኩባያው አጥሩ ግንድ ላይ አለ። በአንድ ምሽት አላወረድኩትም ብለሽ ራስሽን ወራዳ አታድርጊ።

አሁን ወደ ሰብሳቢው ልምጣ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ግን እዚህ ላይ አልስማማበትም። «ስሟን አልጠራሁም» ብለሻል። ለጥምቀት ማን ከማን ጋር ቢቸና እንደሄደ ዶርማችሁ ውስጥ የማያውቅ አለ? «አንዲት ጓደኛዬ» ብለሽ አፍሽን ከመክፈትሽ ሰላሳ ራስ ወደ እሷ ይዞራል። ኅዳር ላይ የተናገረችው የራሷን ነው፤ ጊዜውንም፣ ቃሉንም፣ የሚሰማትንም ሰው የመረጠችው እሷ ናት። እናትሽ ቤት የደረሰባት ግን ገና ያልተናገረችው ነው። ሰው ሊያለቅስበት ስለሚችል ብቻ ትምህርት ሊሆን አይገባም። ተናግሬው ይቅለለኝ ስትይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ካንቺ የቀለለው ሸክም ማን ላይ ነው የሚወርደው?

እንግዲህ በመጀመሪያ እሷን አግኚያት። ዶርም ውስጥ አይሁን፤ ሌሎቹ ልጆች አሉ። ካፌም አይሁን። ከግቢ ወጣ ብላችሁ ስትሄዱ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ሳያስፈልጋችሁ ንገሪያት። አጭር ይሁን። እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ «ኩባያውን አይቻለሁ። ማየቴንም አውቀሻል። ፈርቼ ዝም አልኩ፤ ልክ አልነበረም። ደግሞ ሳልጠይቅሽ ለሰብሳቢው ነግሬዋለሁ፤ እሱም ጥፋት ነው።» ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሳይከብድሽ አይቀርም፤ ግን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ካንቺ ብትሰማው ይሻላል። ስለ እናትሽ ደግነት፣ ስለ አስተዳደግሽ፣ ስለ አገሩ ልማድ ምንም አትጨምሪ። ይቅር በይኝም አትበያት፤ መልስ የሚጠይቅ ነገር ጭነት ነው። እባክሽ አታልቅሺ ደግሞ። ኅዳር ላይ ያለቀስሽው ይበቃል። አንቺ ስታለቅሺ አባባይዋ እሷ ትሆናለች፤ ተራው ግን የእሷ ነበር።

እንደገና «ምንም አይደለም» ልትልሽ ትችላለች። «እኔ ግን ምንም አይደለም አልልም» በያትና ዝም በይ። ዶርም ውስጥ ሲኒዋን ይዛ ስትመጣም «ምነው ይሄን ተይው» አትበያት። እጇ ላይ ያለውን መንጠቅ ይሆናል። ሲኒዋ መቼ ወደ ረከቦቱ እንደሚመለስ የምታውቀው እሷ ናት። ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል።

ክበቡን ልልቀቅ ላልሽው፣ አትልቀቂ። ቅዳሜ ግን አትምሪ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሰብሳቢው ዛሬ ማታ ደውይለትና «ይህ ታሪክ የኔ አይደለም፤ አላወራውም፤ አንተም ለማንም አትንገርብኝ፤ ልጅቷንም መስክሪ ብለህ አትጠይቃት» በይው። ቢከፋው ይክፋው። «ለምን አትመሪም?» ካለሽ «ገና ስላልጨረስኩት» በቂ መልስ ነው።

ውይይቱን ራሱን በተመለከተ ግን አንድ ሁለት ሐሳብ ልስጥሽ፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ክፍል እኔንም ያጓጓኛል። ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ ለጎጃም እንግዳ አይደለም፤ በየቅኔ ቤቱ ቀድሞ የገባው ኋላ የመጣውን ሲያስቀጽል ኖሯል። በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ግቢው ውስጥ በተፋጠጡበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የተጀመረ የውይይት ፕሮግራም አለ። እዚያ ውይይቱን የሚመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ ወገን፣ ሌላው ከሌላው። ተማሪዎቹም ከመምራታቸው በፊት ራሳቸው ይሠለጥናሉ። እናንተ የሠለጠናችሁ አትመስሉኝም፤ በጭብጨባ ነው የቆማችሁት። ጭብጨባ ደግሞ ሰውን እስከ በር ድረስ ብቻ ነው የሚሸኘው። ከግቢያችሁ የሥነ ልቦና ወይም የሶሺዮሎጂ መምህራን አንዱን ለምኑና ቢያንስ አንድ ነገር ይንገራችሁ፤ አንድ ሰው ምሥጢሩን ከተናገረ በኋላ፣ በማግስቱና በሳምንቱ ምን እንደሚደረግለት።

ምስክርነቱን ደግሞ በዕቃ ለውጡት። ጀበና፣ የጠፍር አልጋ ቁራጭ፣ የቆሎ ተማሪ ደበሎ፣ ማረሻ፣ ከተገኘም የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ፎቶ መሀል ላይ አስቀምጡ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ቤት ብቻ ይመልስ፦ ይህን የሠራው ሰው ማነው? ቤታችሁ ገብቶ ያውቃል? በምን ጠጣ? አይገርምም፣ ጓደኛሽ ያን ቀን የተለየ ኩባያ ተሰጣት እንጂ ቡናው የወረደው እኮ ሸክላ ሠሪዋ ካበጀችው ጀበና ነው። ከጣና ዳር የመጣ ልጅ ካለ ስለ ታንኳ ያውራ፤ ደንገሉን እያሰሩ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች በገዛ ሐይቃቸው ዳር እንዴት እንደሚታዩ ያውቃል። ከከፋ የመጣው ስለ ማንጆ፣ ከሲዳማ የመጣው ስለ ሀዲቾ፣ ከጋሞ የመጣው ስለ ደጋላ፣ በየአገራቸው እንዲሁ ስለሚገለሉት ወገኖች፣ የሚያስታውሰው አይጠፋም። ይህ ለጎጃም ልጆች የጥፋተኝነቱን ስሜት ያቀልላቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ «እንግዲህ በሁሉም አገር አለ» ተብሎ እንዳይዘጋ። ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ሳይናገር የተቀመጠ የሸማኔ ወይም የቀጥቃጭ ልጅ አለ ብላችሁ ጀምሩ፤ ምንጊዜም አለ። ስለ «እነሱ» የሚወራ ነገር እሱ ጆሮ ውስጥ ነው የሚገባው።

አንቺ ያን ቀን ከኋላ ተቀመጪ። ተራሽ ሲደርስ የራስሽን ግማሽ መናገር ትችያለሽ፤ ልጅ ሆነሽ የትኛው ዕቃ ለማን እንደሆነ እንዴት እንዳወቅሽ፣ ማን እንደነገረሽ፣ ወይስ ማንም ሳይነግርሽ እንደገባሽ። ይህ ያንቺ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይፈልግም። የጥምቀቱን ግን ከእሷ ፈቃድ ሳታገኚ አትንኪው። ፈቃድ ልትጠይቂያትም አሁን ጊዜው አይደለም።

ስለ እናትሽ ስትጽፊ «ልጠላት አልችልም» ብለሻል። ማን ጥያት አለሽ? እኚያ ሴት የዶሮ ወጥ ሠርተው የተቀበሏትን ልጅ በአንድ ቃል የፈሯት ለምን ይመስልሻል? ነጭ ሽንኩርቱን ያሰሩት ሕፃኑ ላይ ነው። እሳቸው ንቀት ነው ብለው አያስቡም፤ የልጅ ልጃቸውን ከቡዳ የጠበቁ ይመስላቸዋል። ይህ ጥፋቱን አያጠፋውም። ግን በግቢ ቋንቋ ሄደሽ «ብዝኃነት፣ ማኅበራዊ ፍትሕ» ብትያቸው «ትምህርት አሳበጣት» ብለው ይተዉሻል። ልክም ናቸው፤ ያልገባ ነገር አይመለስምና።

በቀጣዩ እረፍት ቡና ስታፈሉ ጥያቄ ይዘሽ ቅረቢ። ስለ ቡዳ ማን ነገረሽ እማዬ? በዓይንሽ ያየሽው አለ? ያን ቀን ልጅቷ ስትሄድ ምን ተሰማሽ? መልሳቸውን ጨርሰሽ ስሚ፤ አታቋርጪ። ምናልባት አንድ የሞተ ልጅ ይወጣል፤ ወይም እናታቸው የነገሯቸው ታሪክ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትጮሂ፣ «እኔን አሳፍሮኛል» በያቸው። አንቺ ስለተሰማሽ ነገር ነው፤ ሊከራከሩሽ አይችሉም። የነፍስ አባታቸው አስተዋይ ከሆኑ እሳቸውን ማማከርም ጥሩ ነው፤ እናትሽ ካንቺ ይልቅ የሳቸውን ቃል ይቀበላሉ። ግን መጀመሪያ ራስሽ ቀስ ብለሽ አነጋግሪያቸው። ቄስም ቢሆኑ ከዚያው አገር ነው የበቀሉት።

ልባቸው ላይለወጥ ይችላል። ያኔም አንቺ የምታደርጊው ነገር አለ። ለወደፊት ማንም እንግዳ ቤትሽ ሲመጣና የተለየ ኩባያ ሲወጣ ክርክር አትክፈቺ። ሲኒሽን ለእንግዳው ስጪና ኩባያውን ለራስሽ አድርጊው። ጠጪበት። ከእናትሽ ጋር አትጣሉም፤ እንግዳሽም ብቻውን አይሆንም። እንዲህ ለማድረግ ንግግር አያስፈልግም፤ ለዚያ ነው የመረጥኩልሽ፣ ምላስሽ እንደገና ቢያዝ እጅሽ ይሠራልና።

ጓደኛሽን ግን ለጊዜው ወደዚያ ቤት አትጋብዣት። ካንቺ ጋር ከታረቀችም በኋላ «እናቴ ይቅርታ ልትልሽ ትፈልጋለች» ብለሽ አታምጫት፤ እናትሽ በራሳቸው ቃል ካላሉ በቀር። ከዚያ ይልቅ እሷ ፈቅዳ ከጋበዘችሽ እነሱ ቤት ሂጂ። አባቷ የሚያለፉትን ቆዳ እይ፤ ሽታው ሊከብድሽ ይችላል፤ ቁጭ በይ። ከሰጡሽ ብዪ። ይህንንም ለክበቡ አታውሪ።

አረንጓዴው ኩባያ አሁንም አጥሩ ግንድ ላይ ካለ፣ ለፋሲካ ስትሄጂ አውርጂው። ከሌሎቹ ሲኒዎች ጋር አንድ ላይ እጠቢና መደርደሪያው ላይ አስቀምጪው። እናትሽ «ይሄ ምን ሊሆን ነው እዚህ?» ካሉሽ «የኔ ነው» በያቸው።